አንድ ነው ወይስ ሰባት

ይስሐቅ ጉድጓድ ቆፈረ፤ መጥተው ቀሙት።
ሌላ ቆፈረ፤ ለእርሱም ተጣሉት።
በሦስተኛው ጊዜ የሚጣላ ጠፋ፣
ስሙን ርኆቦት አለው፦ "አሁን መሬቱ ሰፋ።"

እኔ በዚያ ስም በተጠራ ከተማ፣
በመሬት መዝገብ ቤት፣ በምድር ቤት ጨለማ፣
ከመደርደሪያ ቁጥር አሥራ ሁለት አጠገብ፣
ላልሰፋላቸው ሰዎች አወጣለሁ መዝገብ።

ትናንት ያወጣሁት ከጡብ ይከብዳል።
ከጌዴራ ወዲያ ካለ መንደር ይላል፤
አርባ ሁለት ማሳ
አዋሕደው መልሰው አካፈሉት እንደ አዲስ፣
ጠማማው እንዲቃና፣ ብጥስጣሹ እንዲነሣ፣
መንገድ እንዲገባ፣ ውሃው እንዲደርስ።

በፕላኑ ላይ ያምራል፣ ቢጫና ሐምራዊ።
ናዒማ ሸራቢ ግን ወጥታ በማለዳ
በእግሯ ብትለካው፣ እርምጃ በእርምጃ፣
ሟች ባሏ የተከለው የመንደሪን ረድፍ
ድንበር ተሻግሮ ቆሟል በዜሊግ ማሳ ደጃፍ።

ዜሊግ አልሰረቀም። "የሰጡኝን ያዝኩ" ነው ቃሉ።
እሷም አልዋሸችም። ሁለቱም እውነት አሉ።
ግን በሚስትና በርስት ማን ይታገሣል?
ሠላሳ ዓመት መሰላል የተዋዋሰ ሰው
ዛሬ በጠበቃ በኩል ሰላም ይባባላል።

ክርክሩ ይኸው ነው፦ በቦዩ ዳር፣ ረዥም፣
መቶ ሜትር ቁራጭ።
መንደሩ ድንኳን ሳለ ስፋቱን የጻፈው
ጸሐፊ ቸኩሎ፣ ወይ ቀለሙ አንጠፍጥፎ፣
አንድ ነው ወይስ ሰባት
የማይለይ ጭረት ጥሎ፣ ሄደ አርፎ።
አንድ ከሆነ ረድፉ የዜሊግ፣
ሰባት ከሆነ የናዒማ፤
ስድስት መቶ ካሬ በአንዲት አናት ጭረት፣
በብዕር ጫፍ ዘመማ።

አባቴ ስለ አገሩ ችሎት ያወራ ነበር፦
ተሟጋች ኩታውን አጣፍቶ ሲናገር፣
"በላ ልበልሃ!" ሲል፣ ዛፍ ሥር ሕዝብ ሲደረደር።
እሱ ግን ከዳር ቆሞ የሚያይ ነው እንጂ
ተሟግቶ አያውቅም፤ ርስት የሌለው ቀጥቃጭ ነው።
በድንበር ጠብ የሰበሩትን ማረሻ
ለከሳሹም ለተከሳሹም የሚያበጅ እሱ ነው።
የጎንደር አፈር ስሙን አያውቀውም፤
አፈሩን የገለበጠው ብረት ግን ያውቀዋል።

ዳኛዋ መዝገቡን ይዤ እንድቀርብ አዘዘች።
መነጽሯን አውልቃ ጠጋ ብላ አየች።
"አንተ በየቀኑ የምታየው ነው። ምን ይመስልሃል?"
ዝም አልኩ። ናዒማ ጣቶቿን ትቆጥራለች፣
ዜሊግ ይስላል።
"ክብርት ዳኛ፣" አልኩ፣ "እኔ የማየው ቀለም ነው።"

ያልጠየቀችኝን አልተናገርኩም፦
ከጭረቱ በላይ፣ ከገጹ አናት፣
በሌላ ፊደል የተጻፈ የቀድሞ ስም አለ፣
"የኸሊል ወራሾች"፣
በቀይ መስመር የተሰረዘ፣ ግን የሚነበብ።
ለእነሱ የቆመ ጠበቃ አልነበረም።
እኔም ስለ እነሱ አልተጠራሁም።
ይህን ስጽፍ ግን እጄ ላይ ቀይ ያለ ይመስለኛል።

ቀጠሮው "ከበዓላት በኋላ" ተባለ።
እዚህ አገር ያልሆነ ነገር ሁሉ
ከበዓላት በኋላ ነው የሚሆነው።
ናዒማ በአውቶቡስ ፌርማታው ጥላ፣
ዜሊግ በመኪናው፤
"ላድርስሽ" ሊላት መስኮቱን ዝቅ አደረገ፣
መልሶ ዘጋው።

ፋይሉን ወደ ቦታው መልሼ፣ ማንም ሳያይ፣
የራሴን ስም ፈለግሁ ኮምፒውተሩ ላይ፦
ሦስተኛ ፎቅ፣ ንዑስ ቁራጭ ዘጠኝ፣ ሰባ ሁለት ካሬ።
ከስሜ በላይ ባንኩ፣ ሃያ ዓመት ከዛሬ።
ከስሜ ቀጥሎ አባቴ፣
የቤተሰብ ስም ሆኖ፦ ፈረደ።
ቀጥቃጩ ሰውዬ በመጨረሻ መሬት መዝገብ ገባ፣
ግን የዕብራይስጡ ጽሕፈት አናባቢ ስለሌለው፣
"በቅሎ" ብሎ የሚያነበው አለ።
ሰው ነው ወይስ በቅሎ፣
እንደ አንባቢው ነው።